የኢርቫ እጅና የኤልፎርድ አንድ ቀን

ይህን ነገር መጀመሪያ የነገረችኝ ዶርካስ ናት፤ አሸዋው ላይ ዓሣ የምትጠብሰው ዶርካስ። ያን ዕለት እኔ ጥርሴን ላስነቅል ኪንግስታውን ከተማ ወርጄ ነበር። እኔ በቦታው ብኖር ኖሮ ነገሩ እዚያ ድረስ ባልደረሰ፤ ከዳር ሆኜ አንድ ጊዜ ብጣራ ሁለቱም ሰምተው በተለያዩ። የኔን ድምፅ የዛሬ ሰው አያውቀውም። በጭነት መርከብ ላይ በነበርኩ ጊዜ፣ ትሪኒዳድ ስንገባ ካፒቴኑ ጡሩምባውን ትቶ እኔን ነበር የሚያስጮኸኝ። ይሁን። ጥርስ ነው ያስቀረኝ።

ዶርካስ፣ ዓሣው የዛሬ ነው የትናንት ተብላ ካልተጠየቀች በቀር አትዋሽም። ቢሆንም በእሷ ወሬ ብቻ አልረካሁም። ኋላ ክሊዮፋስን ጠየቅሁት፣ ኢርቫን ራሷን ጠየቅኋት፣ ኤልፎርድንም ሩም ቀምሶ ልቡ የተከፈተ ቀን ጠብቄ ጠየቅሁት። ስለዚህ ነገሩን ከነበሩት ሁሉ አሟልቼ የማውቀው ያልነበርኩት እኔ ነኝ።

በኛ መንደር፣ በፔቲ አንስ፣ ባሕሩ ከዳር ጀምሮ ገደል ነው። ሁለት እርምጃ ትገባለህ፣ ሦስተኛውን እግርህ አያገኘውም። ባለሸራ ጀልባ ከማርቲኒክ ይምጣ ከሴንት ሉሲያ፣ መልህቁን ብቻ ጥሎ ልደር ቢል ሌሊቱን ሲንሳፈፍ ያድራል። ስለዚህ ከፊት መልህቁን ይጥላል፣ ከኋላው ደግሞ ረጅም ገመድ ወደ ዳር ተወስዶ ከኮኮናት ዛፍ ጋር ይታሰርለታል። ያን ገመድ የሚወስደው ሰው ገመደኛ ይባላል። ገመዱን ካሰረ፣ ጀልባው እስኪሄድ ድረስ እንግዳው የሱ እንግዳ ነው። ዳቦ የሚያመጣለት እሱ፣ ማንጎና ሙዝ የሚያመጣለት እሱ፣ ፏፏቴውን እንይ ካሉም የሚመራቸው እሱ። ሌላው ሰው ከሩቅ ደህና ዋላችሁ ብሎ ያልፋል።

ታዲያ ባለሸራው ለማን ይሆናል? ድሮ በመቅዘፊያ እየተፈነካከቱ ነበር የሚወስኑት። ኋላ አባቶቻችን ሕግ አወጡ። አባቶቻችን እላለሁ እንጂ ያወጣው የኔ አባት ነው፣ ሌሎቹ ራሳቸውን ነው የነቀነቁት። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ቀድሞ ባዶ መዳፉን ጀልባው ጎን ላይ ያሳረፈ፣ ጀልባው የሱ ነው። መቅዘፊያ ማስነካት አይቆጠርም። ገመድ መወርወርም አይቆጠርም። መዳፍ ነው። ካፒቴኑ ገመዱን በእጁ እስኪሰጠው ድረስ ደግሞ መዳፉ አይነሳም። ዝንብ ሊያባርር እንኳ ካነሳ ለቀቀ ማለት ነው፤ ሌላ ሰው እጁን ያስገባል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተርብ አንገቴ ላይ ተቀምጣ ስትነድፈኝ እጄን አላነሳሁም። ሁለት ቦታ ነው የነደፈችኝ። ካፒቴኑ ሻይ እየጠጣ ነበር።

እንግዲህ ወደ ኢርቫ ልምጣ።

ኢርቫ የሴልዊን ሚስት ናት። ሴልዊን ገመደኛ ነበር፣ ጥሩ ገመደኛ። በቀዘፋ ከኔ ቀጥሎ እሱ ነበር። ኋላ ስኳር ያዘውና አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። የተቆረጠ ሰው መቅዘፍ አይችልም አይባልም፣ ግን እግሩን የሚያሳርፍበት ካጣ ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ሁለት ወር ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት ኢርቫ የካላሉ ቅጠል ሾርባዋን እሳት ላይ ጥዳ፣ እሱን እንደ ከረጢት ተሸክማ ታንኳው ፊት ላይ አስቀመጠችው።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አላት።

«አንተ እጅህን አዘጋጅ፤ መቅዘፉን ለኔ ተወው።»

ሁለት የባለሸራ ወቅት እንዲህ ሠሩ። እሷ ትቀዝፋለች፣ እሱ ፊት ተቀምጦ መዳፉን ያሳርፋል። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ለመደው። የኢርቫ ክንድ የማገዶ ግንድ አከለ። ልጅ አልነበራቸውም፤ ያቺ ታንኳ ነበረቻቸው። ጎኗ ላይ በቀይ ቀለም «ጌታ ያውቃል» ተብሎ ተጽፏል። ፊደሉን የጻፈው ሴልዊን ነው፤ እኔ ማንበብ አልችልም፣ ግን ቀለሙን ያዋስኩት እኔ ነኝ።

ሴልዊን በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ሲጀምር ሞተ። ኢርቫ ያኔ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ወቅቱ ሲመለስ፣ ባለሸራዎቹም መምጣት ሲጀምሩ፣ ታንኳዋን ገፍታ ብቻዋን ወጣች።

ኤልፎርድ ያኔ የገመደኞቹ አለቃ ነበር። ማንም አልሾመውም፤ ትልቅ ሞተር ያለው እሱ ስለሆነ ነው። ጀልባው ላይ «ማን ይደርሳል» ብሎ ጽፏል። ክፉ ሰው ነው እንዳትሉኝ፤ እናቱን አሥራ አንድ ዓመት በአልጋ ያስታመመ ሰው ነው። ብቻ የሚያውቀውን ነገር ብቻ የሚያውቅ ሰው አለ አይደል፣ እንደዚያ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ኢርቫ ቀድማ የአንድ ጀልባ ጎን ላይ መዳፏን አሳረፈች። ኤልፎርድ በሞተሩ ደርሶ በወዲያኛው ጎን ቆመና ለካፒቴኑ አፏጨለት። ካፒቴኑ ሞተር ያለው ወንድ አየ፣ ኮፍያ ያደረገች ሴት አየ፤ ገመዱን ለወንዱ ሰጠ።

ኢርቫ ዳር ስትደርስ ጠየቀችው። «ኤልፎርድ፣ እጄን አላየህም?»

«አየሁ።»

«ታዲያ?»

«እጁ የሴልዊን ነበር። እጁን ደግሞ ቀብረነዋል፤ እኔም አፈር አልብሼዋለሁ።»

ዳር ላይ ዶሚኖ የሚጫወቱት ሁሉ ሰሙ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ለምን ዝም እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። የጨዋታው ተራ የኔ ነበር መሰለኝ።

እንዲህ ሦስት ጊዜ ሆነ። ሦስት ጊዜ ቀድማ ነካች፣ ሦስት ጊዜ ገመዱ ለኤልፎርድ ሆነ። ሌሎቹ ገመደኞችም እሱን አይተው «እጇ አይቆጠርም» ማለት ጀመሩ። ታንኳ ደግሞ ካልሠራች ጠላት ናት። ፀሐይ ላይ ከዋለች ትሰነጠቃለች፣ ውኃ ላይ ከዋለች ትል ይበላታል። ኢርቫ አንድ ቀን ከዶርካስ ጎን ተቀምጣ ከዓሣ ጋር የሚበላውን የዳቦ ፍሬ እየላጠች እንዲህ አለቻት፦

«ከፋሲካ በፊት አንድ ገመድ በእጄ ካላሰርኩ ኪንግስታውን እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ሆቴል አንሶላ ታጥባለች፤ ሰው ይፈልጋሉ ብላኛለች።»

«ታንኳዋስ?»

«ኤልፎርድ ጠይቆኛል። ለሁለት ሰንጥቆ የመጠጥ ቤት ባንኮኒ ሊያደርጋት ነው።»

ዶርካስ ስትነግረኝ እንዲህ አለች፤ «ባንኮኒ ስትል የዳቦ ፍሬውን ከነቢላዋ ጣለችው።» ሰው ታንኳ ባንኮኒ ሲሆን አይቶ አያውቅም እንዳይመስላችሁ። አምስት መጠጥ ቤት አለን፣ አምስቱም ባንኮኒ ድሮ ታንኳ ነበር። አንዱ የአጎቴ ታንኳ ነው፤ እዚያ ስጠጣ ክርኔን ቀስ አድርጌ ነው የማሳርፈው።

ከፋሲካ በፊት ያለው ሳምንት ደረሰ። ማክሰኞ ነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። አንድ ባለሸራ ተራራው ባሕሩ ውስጥ ከገባበት ጫፍ ዞሮ ብቅ አለ። ብቻውን ነው፣ ሸራው ግማሹ ተነፍቶ ግማሹ ይማታል። ከተራራችን ሥር ነፋስ እንደ ሰካራም ነው፤ አንዴ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል፣ አንዴ ከሸለቆው ወርዶ በጥፊ ይመታሃል። የማያውቅ ካፒቴን ብዙ ጊዜ ይደነግጣል።

ኤልፎርድ ያን ጊዜ ሞተሩ ላይ ነዳጅ እየሞላ ነበር። ኢርቫ ግን ከንጋት ጀምራ ከጫፉ አጠገብ ታንኳዋን አቁማ ትጠብቅ ነበር። አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ቀዘፈችና ደረሰች። መዳፏን አሳረፈች። ክሊዮፋስ፣ ወሬኛው ክሊዮፋስ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ዓሣ ያጠምድ ነበር፤ በደንብ አየ።

«ካፒቴን፣ ደህና መጣህ፤ ገመድህን ስጠኝ» አለች ኢርቫ።

መልስ የለም።

«ካፒቴን።»

መልስ የለም። ጀልባው ከፍ ያለ ነው፤ እሷ ታንኳ ውስጥ ተቀምጣ ከጎኑ በላይ ያለውን ማየት አትችልም። ብትቆምም ቁመቷ አይደርስም። ሻይ ሊያፈላ ወደ ውስጥ ወርዶ ይሆናል ብላ እጇን እንዳሳረፈች ጠበቀች።

ይኼኔ ኤልፎርድ ደረሰ። እንደ ልማዱ በወዲያኛው ጎን ሄዶ ሞተሩን አጠፋና አፏጨ። ማንም ብቅ አላለም። አሁንም አፏጨ። ምንም። ገመዱን የሚሰጠው ካፒቴን ከሌለ ፉጨቱ ለዓሣ ነው። ምን ያድርግ? እሱም መዳፉን አሳረፈ።

እንግዲህ አንዷ በቀኝ አንዱ በግራ፣ መሀላቸው ትልቅ ነጭ ጀልባ፣ አይተያዩም፤ ግድግዳ እንደሚጋሩ ጎረቤቶች መነጋገር ጀመሩ።

«ደህና አደርክ ኤልፎርድ» አለች ኢርቫ።

«ደህና አደርሽ የሴልዊን ሚስት። እጅሽን አንሺና ግቢ፤ ፀሐዩ ይመታሻል።»

«ኮፍያ አድርጌያለሁ።»

«ይኼ ሰውዬ የሚፈልገው ሞተር ነው።»

«ይምጣና ይንገረኛ። አፍ የለውም?»

«በከንቱ ነው የምትደክሚው። የአንቺን እጅ የሚያይ የለም።»

ክሊዮፋስ ከወዲያ ሆኖ፣ «እኔ አይቻለሁ» አለ። «የእትዬ ኢርቫ እጅ ቀድሟል። በደንብ ቀድሟል። አንተ ገና ነዳጅ እየቀዳህ ነበር።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለው ኤልፎርድ።

«ማንም አልጠየቀኝም። ለዚያ ነው እውነቱን የምናገረው።»

አሁን ይህን ልብ በሉ። በአንድ እጅ ታንኳ አይቀዘፍም። በአንድ እጅ የኤልፎርድ ሞተር አይነሳም፤ አንዱ እጅ የማስነሻውን ገመድ ሲስብ አንዱ ነዳጅ መስጫውን መያዝ አለበት። ሁለቱም አንድ አንድ እጃቸውን ለጀልባው ሰጥተዋል። ስለዚህ ሁለቱም ከጀልባው ጋር እንደ ሙጫ ተጣብቀው ቀሩ። ጀልባው ደግሞ አልቆመም። ውኃው እየገፋው ነው፣ ነፋሱም እያገዘው ነው። ወዴት? ወደ ቄሱ አለት።

የቄሱ አለት የተባለው ድሮ አንድ የሜቶዲስት ቄስ ታንኳው እዚያ ተሰብራ ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ መዝሙር ስለዘመረ ነው። ሰው ድምፁን ይሰማ ነበር፤ ግን ጸሎት ላይ ነው ብለው አልረበሹትም። ሦስተኛው ቀን ላይ መዝሙሩ ስድብ ሲሆን ነው የሄዱት። አለቱ ውኃው ሲሞላ አይታይም፣ ሲጎድል ብቻ ጥቁር ጀርባውን ያወጣል። ያን ዕለት ውኃው ሞልቷል።

«ጀልባው እየሄደ ነው» አለ ክሊዮፋስ።

«ይሂድ» አለ ኤልፎርድ። «እኛም አብረን እየሄድን ነው።»

«ወደ አለቱ ነው የምትሄዱት።»

«እንግዲያው ንገራታ፣ እጇን ታንሳ። እሷ ባነሳች ደቂቃ እኔ ሞተሬን አስነስቼ እስበዋለሁ።»

«አንተ ራስህ ለምን አታነሳም?» አለች ኢርቫ። «አንሳና ሞተርህን አስነሳ። እኔ እይዝልሃለሁ።»

«ትይዥልኛለሽ? በምኑ እጅሽ?»

ክሊዮፋስ ለምን አልጎተተውም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄዋለሁ። «ሁለት እጅ ባለበት ሦስተኛ እጅ? አባቴ ከመቃብር ተነስቶ በጥፊ ይለኛል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሌላ አገር ቢሆን ይኼ የእብድ ሥራ ይባል ይሆናል። እኛ ጋ ግን ሰው ሕጉን ይዞ ይሰጥማል። ሕጉን ይዞ ሲሰጥም ያየሁት ሰውም አለ፤ እሱን ሌላ ጊዜ።

ዶርካስ ከዳር ሆና ጀልባው ወደ አለቱ ሲጠጋ አየች። መጥበሻዋን በማንኪያ መምታት ጀመረች። ዓሣ የደረሰ መስሏቸው ሁለት ሰዎች ሳህን ይዘው መጡ።

በዚህ መሀል ነው ኢርቫ ድምፅ የሰማችው። መጀመሪያ የሸራው እንጨት ነው የሚያቃስተው ብላ ነበር። አሁንም ሰማች። እንጨት እንደዚያ አያቃስትም። ሴልዊንን ያስታመመች ሴት ናት፤ ሰው ሲያቃስት ታውቃለች።

«ኤልፎርድ» አለች።

«አቤት።»

«እላይ ሰው ወድቋል።»

«እኔ የሰማሁት የለም።»

«እኔ ሰምቻለሁ። ወጥተህ እየው።»

ኤልፎርድ እጁን አላነሳም። ኋላ እንደነገረኝ፣ እሱም ሰምቶ ነበር። ግን እጁን ካነሳ እሷ እንደያዘች ትቀራለች፤ እሷ ከያዘች ደግሞ፣ አይቆጠርም ሲል የከረመው እጅ አሸነፈው ማለት ነው፤ ክሊዮፋስም አገር ምድሩን ይነግረዋል። «ምላሴ እሺ አለ፣ መዳፌ እንቢ አለ» ነው ያለኝ። እኔም ገመደኛ ነበርኩ፤ አልፈርድበትም። ትንሽ ግን እፈርድበታለሁ።

ኢርቫን ጠየቅኋት። «ያን ጊዜ ምን አሰብሽ?»

«ምን አስባለሁ አጎቴ? የእህቴን አንሶላ ነዋ። ይኼን እጅ ካነሳሁ ሁሉም ነገር አለቀ አልኩ። ታንኳዬ ባንኮኒ ሆና ታየችኝ፤ ጠርሙስ ሲደረደርባት ጭምር። ከዚያ ሰውየው እንደገና አቃሰተ።»

እጇን አነሳች።

ታንኳዋን እንኳ አላሰረችም፤ ዝም ብላ ለቀቀቻት፣ ክሊዮፋስ ሄዶ ያዛት። እሷ በባለሸራው ጠርዝ ዙሪያ የተወጠረውን ሽቦ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ኢርቫ ቀጭን ሴት አይደለችም። ዶርካስ፣ «ሁለት እግር ሰማይ ላይ አየሁ፣ ከዚያ እግሩም ጠፋ» ነው ያለችኝ።

ሰውየው ከመሪው አጠገብ በጎኑ ተኝቷል። ሸራውን ከታች የሚይዘው ግንድ ነፋሱ ሲዞር ግንባሩን መቶት ነበር። ደም አንድ ዓይኑን ደፍኖታል፤ ሌላኛው ዓይኑ ይቁለጨለጫል፣ አያይም። ሸበቶ ነው፣ ብቻውን ነው የመጣው። ኢርቫ ኮፍያዋን አውልቃ ግንባሩ ላይ ጫነች፣ የራሱን እጅ አንስታ በኮፍያው ላይ አደረገችና፣ «ያዝ፣ አባቴ» አለችው። ሰውየው ቋንቋዋን ይስማ አይስማ እንጃ፤ ግን ያዘ። ከዚያ ሸራውን የወጠረውን ገመድ ፈታች፤ ሸራው መማታቱን ተወና ተንጠለጠለ። ወደ ፊት ሮጠች። የተጠቀለለ ወፍራም ገመድ አገኘች፣ ጫፉን አሰረች፣ የቀረውን ይዛ በግራ በኩል ብቅ አለች።

ኤልፎርድ ከታች ወደ ላይ አያት። መዳፉ አሁንም ጀልባው ላይ ነው።

«ያዝ» አለችውና ገመዱን ወረወረችለት።

ሕጉን ነግሬያችኋለሁ። እጁ ካለበት ጀልባ ላይ ገመድ የተቀበለ፣ ጀልባው የሱ ነው። ኢርቫ ያን ገመድ ስትወረውር ጀልባውን ነው የሰጠችው፤ ሁለቱም ያውቁታል። ኤልፎርድ ገመዱን ይዞ ከራሱ ጀልባ ኋላ አሰረው።

«ወደ ግራ ሳበኝ፣ አለቱ በቀኜ ነው» አለች ኢርቫ። ሄዳ መሪውን ያዘች።

ሞተሩ በሁለተኛው ጉተታ ተነሳ። ኤልፎርድ ጎተተ፣ ኢርቫ መሪውን በሆዷ ደግፋ ወደ ግራ ጠመዘዘች። የባለሸራው ጅራት ከአለቱ ሁለት መቅዘፊያ ያህል ርቆ አለፈ። ክሊዮፋስ አንድ መቅዘፊያ ነው ይላል። ውኃው ሲጎድል ሄጄ የለካሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ነው።

ጀልባውን አስገቡ፣ መልህቁን ጣሉ፣ ኤልፎርድ ገመዱን ከኮኮናት ዛፉ ጋር አሰረ። ነርሷ መጥታ የሰውየውን ግንባር ሰፋች፤ ሰባት ቦታ። ዬንስ ይባላል፣ ዴንማርክ የሚባል አገር ሰው ነው። ማምሻውን ተቀምጦ ሾርባ ጠጣ። ዳቦና ፍራፍሬ የሚያመጣለት ኤልፎርድ ሆነ፤ ሕጉ ነው። አንዳንድ ሰው ለኢርቫ ሊቆጭላት ሲሞክር፣ «እጄን አንስቻለሁ። ማንም አላስነሳኝም። ጀልባው የኤልፎርድ ነው» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ቀሚሷ ላይ ያለውን ደም ልታጥብ ነው። ዶርካስ ተከትላት ስትሄድ ሻንጣ አልጋው ላይ ተከፍቶ አገኘች። ባዶ ነው ገና።

በዚያ ምሽት ዶሚኖ ቤት እኔ ነበርኩ፤ ጉንጬ አብጦ፣ ግን ነበርኩ። ኤልፎርድ ገብቶ ተቀመጠ። ክሊዮፋስ ድንጋዮቹን እያማሰለ ጀመረው።

«እትዬ ኢርቫ እጇን ያነሳችው ዝንብ ልታባርር ነው እንዴ?»

ኤልፎርድ ድንጋዮቹን ፊቱ ደረደረ።

«አይ፣ ሕጉን እንድታስረዳኝ ብዬ ነው። ገመዱን ማነው የሰጠህ?»

«ካፒቴኑ ወድቆ ነበር።»

«እሱን አውቃለሁ። ገመዱን ማነው የሰጠህ?»

«እሷ።»

«መሪውንስ ማነው የያዘው?»

«እሷ ናት አልኩህ።»

«እንግዲያው ከማን እጅ ሥር ነው ጀልባውን የወሰድከው?»

ኤልፎርድ ድንጋዩን አስቀመጠ፤ ሳይጥል፣ ሳያጮህ፣ ቀስ አድርጎ። ሳይጫወት ወጣ። ዶሚኖን እንዲህ ትቶ የወጣ ሰው ያየሁት ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ቤቱ ተቃጥሎበት ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ጤዛው ሳይደርቅ፣ ኤልፎርድ ሞተሩን ከ«ማን ይደርሳል» ላይ ፈታ። ጀልባዋን ወደ ዳር ስቦ አሸዋው ላይ በፊቷ ደፋት። አጠገቧ ባዶ እጁን ቁጭ አለ።

ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ። ማንም ምን ሆንክ አላለውም፤ ሁሉም ገብቶታል። በኛ ዘንድ ከሌላ ሰው እጅ ሥር ጀልባ የወሰደ ገመደኛ ካሣ አለበት። ካሣው ገንዘብ አይደለም። ጀልባውን ደፍቶ፣ ከፀሐይ መውጫ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ፣ አገር እያየው አሸዋ ላይ ይቀመጣል። ያን ቀን የሚመጣውን ባለሸራ ሁሉ የተበደለው ሰው ይነካል። ሴልዊን አንድ ጊዜ ተቀምጧል። እኔም ሁለት ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ሁለቱም ላይ የተፈረደብኝ ያለአግባብ ነው። ግን ገመደኛ ላልሆነ ሰው ካሣ የተቀመጠ ሰው ፔቲ አንስ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ለዓሣ ሻጭ አይቀመጡም፣ ለባንኮኒ ባለቤት አይቀመጡም። ለገመደኛ ነው የሚቀመጡት።

ሌሎቹ ገመደኞች ተያዩ። ጠዋት የመጣው የመጀመሪያው ባለሸራ ከጫፉ ብቅ ሲል አንዳቸውም ሞተር አላስነሱም። ኢርቫን ከቤቷ የጠራት ክሊዮፋስ ነው፤ «እትዬ፣ እንግዳ እየጠበቀሽ ነው» ብሎ። ስትመጣ ኤልፎርድ ተቀምጦ አየችው። ቆመች። እሱ ባሕር ባሕሩን ነው የሚያየው። ታንኳዋን ገፋች፣ ቀዘፈች፣ መዳፏን አሳረፈች። ካፒቴኗ ፀጉሯን የተሠራች ወጣት ሴት ነበረች፤ ገመዱን ሰጠቻት። ኢርቫ ወደ ዳር አምጥታ ከኮኮናቱ ጋር አሰረችው። ያሰረችውን ቋጠሮ ሄጄ አየሁት፤ እኔ ሴልዊንን ያስተማርኩት ቋጠሮ ነው።

ፀሐዩ ከረረ። ዶርካስ ለኤልፎርድ ዓሣና የዳቦ ፍሬ በሳህን አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት። «የዛሬ ነው?» አላት። «ለተቀጣ ሰው የዛሬውን አልሰጥም» አለችው። በላ።

ስድስት ሰዓት አልፎ ሦስት ሸራ በአንድ ጊዜ ከጫፉ ዞሩ። አንድ ላይ የሚጓዙ ናቸው። ኢርቫ ታንኳዋን ለመግፋት ጎንበስ አለችና መልሳ ቀና አለች። ወደ ኤልፎርድ ሄደች።

«ሦስት ናቸው» አለችው።

«ታዲያ ንኪያቸዋ። ቀኑ ያንቺ ነው።»

«ሁለት እጅ ነው ያለኝ፤ አንዱ ለመቅዘፊያ ነው። ተነስ፣ ሞተርህን ግጠም።»

«ፀሐይ አልጠለቀችም።»

«ከሰዓት በኋላውን ምሬሃለሁ።»

ኤልፎርድ ራሱን ነቀነቀ። «ግማሽ ካሣ ካሣ አይደለም፤ ኋላ ሰው ግማሽ ገመደኛ ነሽ ይልሻል። እስከ አሥር ሰዓት ልቀመጥ።»

«አሥር ሰዓት? ሰዎቹ አለቱ ላይ ይውጡ? እስከ ሰባት።»

«ስምንት።»

«ሰባት ተኩል። ከዚያ በላይ አልሰማህም» አለችና ታንኳዋን ገፍታ ገባች።

ዶርካስ መጥበሻው አጠገብ የተሰቀለች ሰዓት አለቻት። ኤልፎርድ አንገቱን ወደዚያች ሰዓት አዙሮ፣ ሞተሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ሰባት ተኩል እስኪሞላ ጠበቀ። የቀረውን ኢርቫ ማረችው።